ባሕር ሳላይ ዓሣ የተማርሁበት የቡታጅራ መንገድ

ይህን የምጽፈው መንዝ ላሉ ዘመዶቼ ነው። ቡታጅራ ደርሼ መመለሴን ሰምተው ምን ልትሠራ ሄድህ ብለው መልእክት ልከውብኛል። ዓሣ ልማር ብላቸው እንደሚስቁብኝ አውቃለሁ። ቡታጅራ ባሕር የለም፤ እኔም ልብስ ሰፊ ነኝ፤ እስከ ዛሬም ባሕር የሚባል በዐይኔ አላየሁም። ነገሩ ግን እንዲህ ነው።

የእኅቴ የአስካለ ባል ጥላሁን አዲስ አበባ የጣልያን መኮንኖች በሚመገቡበት ቤት ዓሣ የሚያጥብ ሠራተኛ ነበር። ዓሣው ከምጽዋ በጨው ታሽጎ በበርሜል ይመጣል። እንደ ወንዛችን ዓሣ ድቡልቡል አይደለም፤ እንደ ቂጣ ጠፍጣፋ ሆኖ ሁለቱም ዐይኖቹ በአንድ ጎኑ ናቸው። ጣልያኖቹ ሶልዮላ ይሉታል፤ ከዶሮ አስበልጠው ይወዱታል። በጥቅምት አንድ ሻምበል ከዚያ ዓሣ ሁለት ጊዜ እንደ ጎረሰ አፉ ተኮማተረ፣ ከንፈሩ ደነዘዘ፣ አስመለሰው። በማግሥቱ ድኖ ሥራ ገባ። ጥላሁንን ግን መርዝ አድርገህበታል ብለው አስረውት ነበር። መኮንን መርዟል የተባለ ሐበሻ መጨረሻው ምን እንደ ሆነ በዚያ ዘመን ማንም ማንንም አይጠይቅም ነበር።

የወጥ ቤቱ አለቃ ሽማግሌ ጣልያን ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም። በርሜሉን አሽጎ አስቀመጠና እኅቴን በአስተርጓሚ አስጠራት። እሱ የተወለደው ተራራ ላይ እንደ ሆነ፣ የቀይ ባሕርን ዓሣ እንደማያውቅ፣ ነገር ግን በርሜሉ ውስጥ ያለው ሁሉ አንድ ዐይነት እንዳልሆነ ነገራት። ከመካከሉ በተፈጥሮው አፍ የሚያደነዝዝ ካለ ለይቶ የሚያሳይ ሰው ፈልጉ አላት። ማርሻሎው፣ ነገሩን የያዘው የጣልያን ፖሊስ ሹም፣ ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የሚያስተላልፈው ከሁለት ሳምንት በኋላ ነበር።

የጨው ዓሣ ነጋዴዎችን ብንጠይቅ ሁሉም የጠሩልን አንድ ሰው ነው፤ ሸምሱ የሚባል የመስቃን ጉራጌ። ምጽዋ ዓሣ በጨው በሚታሽበት መጋዘን ዐሥራ ሁለት ዓመት ጠፍጣፋ ዓሣ ሲለይ የኖረ ሰው ነው፤ አሁን ወልቂጤ ቆዳ ይነግዳል አሉን። እኅቴ አራስ ናት። ስለዚህ መቀሴን፣ መርፌዬንና የጨርቅ ቁራጭ ቋጥሬ እኔ ተነሣሁ።

ሰኞ

እስከ ወልቂጤ የሚያደርስ የይለፍ ወረቀት አውጥቼ፣ ለመንገድ ሠራተኞች ዱቄት በሚያመላልስ ካሚዮን ላይ ተሳፈርሁ። ከጆንያው በላይ ስድስት ሰዎች ነበርን። መንገዱ አዲስ ነው፤ ድንጋዩ ገና አልተረገጠም፤ አቧራው ግን ያረጀ መንገድ አቧራ ነው። መንዝ ከአንዱ አምባ ወደ ሌላው ለመድረስ አንድ ቀን ገደል ወርደን አንድ ቀን ገደል እንወጣለን፤ እዚህ ሜዳው ተዘርግቶ ዐይን የሚያርፍበት ያጣል።

ከቀትር በኋላ የሞተሩ ውሃ ፈላ። ሾፌሩ ሁላችንንም አውርዶ በቆርቆሮ ውሃ እንድንቀዳ ወደ ጅረት ሰደደን። አራት ጊዜ ተመላለስን። ወሊሶ ስንገባ መሽቶ ስለ ነበር ከተሳፋሪዎቹ ጋር አንድ የሣር ዳስ ውስጥ አደርን። ያለኝን በሶ አካፈልኋቸው፤ አንዱ ሽማግሌ የመንዝ ገብስ መሆኑን በጣዕሙ ዐወቀና ደስ አለኝ።

ማክሰኞ

ወልቂጤ ሳንደርስ ካሚዮኑ ድንጋይ ላይ ዘሎ ሲወድቅ የተደገፍሁት ጆንያ ተተረተረና ከነራሴ በዱቄት ተሸፈንሁ። ላቤ ዱቄቱን አቦካው። ሾፌሩ ዱቄት ሰርቀሃል እንዳይለኝ ፈርቼ፣ ወርጄ ለማራገፍ እንኳ አልደፈርሁም። ከመርፌዬ አንዱን አውጥቼ ጆንያውን እዚያው በጉዞ ላይ ሰፋሁት። ሾፌሩ ወልቂጤ ሲደርስ ስፌቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እጁን አውለብልቦ ሸኘኝ።

እንዲያ ሆኜ የገባሁት ወይዘሮ ትርፌ የሚባሉ መንገደኛ የሚያሳድሩ ባልቴት ቤት ነው። ሲያዩኝ መጀመሪያ አማተቡ፤ ቀጥለው ሳቁ። ደጅ አቁመው በመጥረጊያ ከላይ እስከ ታች አራገፉኝ። ውሃ አሙቀው ሰጡኝ። ወዲያው ስለ ሸምሱ ጠየቅኋቸው።

ሸምሱ ወልቂጤ አልነበረም። ከክረምቱ በፊት ዐይኑ ደክሞበት ንግዱን ትቶ ከእናቱ ዘንድ እንደ ገባ ነገሩኝ። እናቱ ያሉት ቡታጅራ ነው፤ ከተራራው ወዲያ ማዶ። በካሚዮን ልሂድ ብል አዲስ አበባ ተመልሼ በሌላው መንገድ መውረድ አለብኝ፤ እሱም ሌላ የይለፍ ወረቀት ይፈልጋል። በእግር ከሄድሁ ሦስት ቀን ነው፤ ወረቀቴ ግን ከወልቂጤ ወዲያ አይሠራም።

ወይዘሮ ትርፌ የሚያቀርቡልኝን እያቀረቡ ሐሳቤን አዳመጡ። ያን ጊዜ ነው ቆጮን መጀመሪያ የቀመስሁት፤ በጎመንና በአይብ። እንደ እንጀራ ልጠቀልልበት ስል ተቆረሰብኝ። እሳቸው እየቆረሱ በላዩ አይቡን አድርገው ሁለት ጊዜ አጎረሱኝና እጄ ለመደ። ጠዋት የጉመር ሰው የሆነ የጨው ነጋዴ በእምድብር በኩል ወደ አገሩ እንደሚሄድ ነገሩኝና ከሱ ጋር አገናኙኝ። የተቀደደ ቀሚሳቸውን ጠቅሜ ሰጠኋቸው። የማደሪያ ልክፈል ብል ተቆጡኝ፤ ቆጮ በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ደግሞ ጨመሩልኝ።

ረቡዕ

የጨው ነጋዴው አቶ ሀብቴ ይባላል። ዕድሜው ከኔ ዐሥር ዓመት ቢበልጥ ነው። ቀጭን፣ ዝምተኛ፣ ከበቅሎው ጋር ከሰው ይልቅ የሚጫወት ሰው ነው። ለምን ቡታጅራ እንደምሄድ ሲጠይቀኝ የድሮ ወዳጅ ልጠይቅ ነው አልሁት። አላመነኝም፤ አልተከራከረኝምም።

የጉራጌን አገር ላላየ ሰው እንዲህ ልበል። እኛ መንዝ ቤታችን ድንጋይ ነው፤ አንዱ ከአንዱ ተራርቆ ገደል አፍ ላይ ይቆማል። እዚህ ክብ ክብ ትልልቅ የሣር ቤቶች በሁለት ወገን ተሰልፈው፣ በመካከላቸው ጀፎረ የሚሉት ሰፊ ሣር የለበሰ ጎዳና ያልፋል። ጥራጊ የለበትም፤ ከብት ይግጥበታል፤ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ከየቤቱ ኋላ እንሰት ቆሟል። እኛ ዝናብ ከዘገየ ሰማይ ሰማይ እናያለን፤ እነሱ ጓሯቸውን ያያሉ። አቶ ሀብቴ ይህን ስነግረው እንሰትም ቢሆን እስኪደርስ ዓመታት እንደሚፈጅ፣ የተከለው ሰው ላይበላው እንደሚችል ነገረኝ።

እምድብር ስንቃረብ እግሬ ውሃ ቋጠረ። ያዲስ አበባ ጫማ ላዲስ አበባ ነው። ያረፍነው ከአቶ ሀብቴ ደንበኛ ቤት ሲሆን፣ የቤቱ እመቤት ማነከሴን አይታ በገበታ ለብ ያለ ውሃ አመጣች። እግሬን አጥባ፣ ቅቤ ቀብታ፣ በለሰለሰ ቃጫ ጠቀለለችልኝ። ረቡዕ ስለ ሆነ ቆጮውን ያለ ቅቤ በጎመን በላን። ቅቤው የዋለው እግሬ ላይ ብቻ ነው ብል ባሏ ሳቀ፤ አቶ ሀብቴም ያን ጊዜ መጀመሪያ ሳቀ።

ሐሙስ

ቀኑን ሙሉ ወደ ጉመር ወጣን። በቃጫ በተጠቀለለ እግር መሄድ ከጫማ ይሻላል። ከፍ እያልን ስንሄድ ብርዱ እየጠናብን መጣ። ገብስ አየሁ። ነፋሱ ሲያስተኛውና ሲያነሣው ልክ እንደኛው ነው። ሰዎቹም እንደኛ ተጀቡነው፣ አገጫቸውን ጨርቅ ውስጥ ቀብረው ይሄዳሉ። ደስ ከማለቱ የተነሣ ለአቶ ሀብቴ ሳላስበው ስለ አባቴ፣ ስለ ቤታችን፣ ስለ አስካለም አወራሁት። አስካለ ላይ ደረስሁ። ከዚያ እውነቱን ነገርሁት።

እሱም በቅሎዋን እየነዳ ሄደ። ቤቱ ደርሰን፣ ሚስቱ እሳት አንድዳልን፣ ከበረቱ በኩል የላሞቹ ትንፋሽ እያሞቀን ከተቀመጥን በኋላ ነው የመለሰልኝ።

«የኔን ወንድም ሲወስዱት ማን ዘንድ እንደምሄድ አላውቅም ነበር» አለኝ። «አንተ የምትሄድበት ሰው አለህ። ነገ እኔ አወርድሃለሁ።»

የሱ መንገድ እዚያ ያልቅ ነበር። ሚስቱ ቀና ብላ አየችው። ጠዋት የኔን ስንቅና የሱን አንድ ላይ ቋጥራ ሰጠችን።

ዓርብ

ከተራራው ጫፍ ላይ ሆነን ወደ ምሥራቅ ስንመለከት ቆላው እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቷል። በጣም ሩቅ እንደ መስታወት ስባሪ የሚያብለጨልጭ ነገር አየሁ። አቶ ሀብቴ የዝዋይ ሐይቅ ነው አለኝ። ዓሣ አለበት ወይ ብዬ ብጠይቀው፣ ዓሣ አለ፣ ጠፍጣፋ ግን ሰምቼ አላውቅም አለኝ። አምስት ቀን ሙሉ ስለ ዓሣ ሳስብ ነበርና ቆሜ ብዙ አየሁት።

ቡታጅራ ገበያ ቀን ነበር። ከተማው መግቢያ ላይ አስካሪዎች፣ ለጣልያን ያደሩ ወታደሮች፣ ቆመዋል። አቶ ሀብቴ የበቅሎዋን ልጓም በእጄ አስያዘኝና እሱ ከፊት ሆኖ በጉራጌኛ እየተጣራ ሲሄድ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ ከበርበሬ ሻጮች ጋር ተደባልቄ አለፍሁ። ማንም ወረቀት አልጠየቀኝም።  አቶ ሀብቴ የሸምሱን ቤት ጠይቆ በሩ ድረስ አደረሰኝ። ግባ ቢሉት አልገባም፤ ቀን ሳለ ዳገቱን ልጀምር ብሎ ትከሻዬን ነክቶ ተመለሰ።

ሸምሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ገመድ ይገምድ ነበር። አርባ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ትከሻው ሰፊ፣ ጣቶቹ በጨው የተሰነጣጠቁ፣ ዐይኖቹ ሞራ የለበሱ ናቸው። ድምፄን ሰምቶ «አሰላሙ አለይኩም» አለ። እኔም እንደምን ዋልህ ብዬ ከየት እንደ መጣሁ ተናገርሁ። እጄን ሲጨብጠኝ ሌባ ጣቴን በአውራ ጣቱ ዳሰሰና ልብስ ሰፊ ነህ አለኝ።

እናቱ እማማ ዘይነባ አጎንብሰው የሚሄዱ፣ ዐይናቸው ግን ከልጃቸው ይልቅ የሚያይ እናት ናቸው። ምግብ ሊያቀርቡ ሲሉ ቆም አሉና ዛሬ ዓርብ ጾማችሁ ነው አሉ። የተቀባውን ቆጮ መልሰው ቅቤ ያልነካው አመጡልኝ።

እየበላሁ የመጣሁበትን ሁሉ ነገርሁት። ሸምሱ የጠየቀኝ ስለ ማርሻሎው ወይም ስለ እስር ቤቱ አልነበረም። ሻምበሉ መጀመሪያ የተሰማው ምሬት ነው ወይስ መደንዘዝ፣ ዓሣው ቆዳው ተገፎ ነበር ወይስ ከነቆዳው ተጠብሶ ነበር፣ ይህን ብቻ ጠየቀኝ። ከነቆዳው ነበር አልሁት።

«ባለ ወተቱ ነው» አለ፤ ጥርጥር ሳይኖረው። «ጥላሁን ምንም አላደረገም።»

ስለዚህ አብረን እንሂድና ተናገር አልሁት። ይህን ለማለት ነበር አምስት ቀን የተጓዝሁት። ሸምሱ ገመዱን አስቀመጠ።

«ወንድሜ፣ እኔ ዓሣውን በጣቴ አውቀዋለሁ። እነሱ ግን የሚያዩት ዐይኔን ነው። ዕውር አምጥተው አሾፉብን ይላሉ፤ ሰውየውን የባሰ እንጎዳዋለን። አንተ ተማር፤ አንተ ለያቸው።»

ባሕር አላየሁም አልሁት። እኔም አሁን አላየውም አለኝ።

ቅዳሜ

ጠዋት እማማ ዘይነባ ከጓሮ የእንሰት ቅጠል ቆርጠው አመጡ። ሸምሱ በቃል እየነገረኝ እኔ በመቀሴ እየቀደድሁ አምስት ዓሣ ሠራን። በመቀስ የሚሠራ ነገር ስለ ሆነ ቶሎ ገባኝ።

ሁሉም ጠፍጣፋ ዓሣ እንደ ጨርቅ ፊትና ውስጥ አለው። ፊቱ ቀለም ያለውና ሁለቱ ዐይኖች ያሉበት ነው፤ ውስጡ ነጭ ነው፤ መሬት ላይ የሚተኛው በሱ ነው። የምጽዋ ሰዎች የሙሳ ዓሣ ይሉታል፤ ሙሴ ባሕሩን ሲከፍለው መካከል ላይ የነበረው ዓሣ ለሁለት ተሰንጥቆ በየወገኑ በግማሽ ፊት ቀረ ይላሉ። እማማ ዘይነባ ይህን ሲሰሙ «ሱብሐነላህ» አሉ፤ እኔም በኦሪት ያልተጻፈ ነገር ሰማሁ አልሁ።

ከቀለም አትጀምር፣ ጨው ቀለሙን ያጠፋዋል አለኝ። ከዐይኑ ጀምር። ዓሣውን ሆዱ ወደ ታች፣ ዐይን ያለበት ጎን ወደ አንተ አድርገህ ያዝ። አፉ ወደ ቀኝህ ካመለከተ የቀኝ ነው፤ ወደ ግራህ ካመለከተ የግራ። ጣልያኖቹ የሚወዱት ሶልዮላ የቀኝ ነው፤ አፉ ትንሽና ጎባጣ፣ ቆዳው እንደ ድመት ምላስ ሻካራ፣ ከጉንጩ ኋላ ትንሽ የጎን ክንፍ አለችው። ምላስ የሚባለው የግራ ነው፤ ጭራ የለውም፤ ጠርዙን ይዞ እየሾለለ ያልቃል። ነብር የሚሉትም የግራ ነው፤ ግን ክብ ነው፣ ጭራው ለብቻው ነው፣ ዐይኖቹም ተራርቀው እንደ ተጣሉ ጎረቤታሞች ይቆማሉ። ባለ ጥርሱ ወፍራም ነው፣ አፉ ሰፊ ነው፤ አንዱ የቀኝ አንዱ የግራ ሆኖ ይገኛልና በዐይኑ አትፍረደው፣ በጥርሱ ፍረደው።

አምስተኛው ባለ ወተቱ ነው። የቀኝ ነው፤ አፉም፣ ቅርጹም፣ ጭራውም ከሶልዮላው ጋር ወንድማማች ናቸው። በሕይወት ሳለ ትልቅ ዓሣ ሲነክሰው ከጠርዙ ነጭ ወተት ያፈስበታል፤ የነከሰውም አፉ ተኮማትሮ ይተፋዋል። ሥራውን የሚያውቅ ሰው ለይቶ ይጥለዋል፤ ወይም ጠርዙንና ቆዳውን ገፎ ያነሣል። የማያውቅ ግን ከሌላው ጋር ያሽገዋል።

እንዲህ ስንል አረፈድን። ምሳ ሰዓት እማማ ዘይነባ ዶሮ ይዘው ወጡ። ወዴት ናቸው ብል፣ ክርስቲያን ጎረቤት ዘንድ ወስደው በክርስቲያን እጅ ሊያሳርዱልኝ መሆኑን ሸምሱ ነገረኝ። ይህን ስሰማ አንገቴን ደፋሁ። እኛ አገር አንድ የማናውቀው እስላም ከአምስት ቀን መንገድ ቢመጣብን እናቴ ይህን ታስብ ነበር ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ታስብ ነበር ብዬ ማመን እወዳለሁ።

በልተን ስንመለስ ዓሣዎቼ የሉም። የእማማ ዘይነባ ላም ገመዷን ፈትታ ሶልዮላውንም፣ ምላሱንም፣ ነብሩንም በልታ፣ ባለ ጥርሱ ግማሹ ከአፏ ላይ ተንጠልጥሏል። ነገሩን ለሸምሱ ስነግረው እንባው እስኪወጣ ሳቀ። ባለ ወተቱንስ በላችው ወይ አለኝ። በላችው አልሁት። እንግዲህ እሷም ትመስክር አለ።

እሑድ

ቅዳሴ ሳልሰማ ዋልሁ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። የኮቴን ገበር ፈትቼ፣ ከካኪ ቁራጭ ጋር አድርጌ፣ ዓሣዎቹን በጨርቅ ሠራኋቸው። ዐይን በቁልፍ፣ ጥርስ በክር ሆነ። ከዚያ ሸምሱ ዐይንህን ጨፍን አለኝ። ጨው የበላው ዓሣ ዐይን ያታልላል፤ ጣት ግን አይታለልም ነው የሚለው።

ምላሱን፣ ነብሩን፣ ባለ ጥርሱን ወዲያው ዐወቅኋቸው። ሶልዮላውንና ባለ ወተቱን ግን ደጋግሜ ሳትሁ። ከጉንጩ ኋላ የጎን ክንፍ የሌለው ባለ ወተቱ ነው ብሎ ነግሮኝ ነበር፤ ነገር ግን ያቺ ክንፍ ትንሽ ስለ ሆነች በጨውና በመታሸት ትነቀላለች። እንግዲህ በምን ልለየው አልሁ። ሸምሱ አውራ ጣቱን በጉልበቱ ላይ አስኬደ። በጣቱ የሚያውቀውን ነገር በአፉ ለማውጣት ሲቸገር አየሁት።

«በጠርዙ ዙሪያ ከእያንዳንዷ የክንፍ አጥንት ሥር ቀዳዳ አለች» አለ በመጨረሻ። «ወተቱ የሚወጣባት። ጥቃቅን ናት፤ ተራ በተራ ትሄዳለች።»

ቅምቅማቱ የተፈታ ቀሚስ አሰብሁ። ክሩ ወጥቶ የመርፌው ቀዳዳ ብቻ በጠርዙ ሲቀር፣ ልብስ ሰፊ በጨለማም ቢሆን በጣቱ ያገኘዋል። የባለ ወተቱን ጨርቅ ወስጄ በጠርዙ ዙሪያ በመርፌ ወጋሁትና ለሸምሱ ሰጠሁት። ከራሱ እስከ ጭራው በአውራ ጣቱ አስኬደው። ፊቱ ተለወጠ። ሁለተኛም አስኬደው። ምጽዋን ትቶ ከወጣ ወዲህ ይህን እንዳልዳሰሰ ገባኝ።

«እሱ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ አልሳትሁም።

ሰኞ

በሁለተኛው መንገድ በካሚዮን ለመመለስ ወረቀት ያስፈልገኝ ነበር። በእጄ ያለው ደግሞ ወልቂጤ ይላል። ሸምሱ እዚያ የማውቀው የለም ቢለኝም በትሩን ይዞ አብሮኝ ይለፍ ወደሚሰጥበት ጽሕፈት ቤት ሄደ። በሩ ላይ አንድ ሽበታም ሹምባሽ፣ የአስካሪዎች አለቃ፣ ተቀምጧል፤ የኮቱ እጅጌ ከትከሻው ተፈትቶ በሁለት ክር ተንጠልጥሏል። ወልቂጤ ብለህ እዚህ ምን ታደርጋለህ አለኝ። እኔም ያልዋሸሁት ነገር ይኑር ብዬ፣ የታመመ ሰው ልጠይቅ መጥቼ መንገድ ተሳስቼ ነው፣ ልብስ ሰፊ ነኝ፣ እጅጌዎን እስኪጽፉልኝ ልስፋው አልሁት። ወደ ሸምሱ ዐይኖች ተመለከተ፤ ኮቱን አወለቀ። እጅጌውን ከሌላው አጠንክሬ ሰፋሁት። ጎትቶ ሞከረውና ገብቶ ማኅተም አስመታልኝ።

እማማ ዘይነባ ስንቅ አስያዙኝ። ሸምሱ የጨርቁን ዓሣዎች ውሰድ ሲለኝ አራቱን ወሰድሁ፤ ባለ ቀዳዳውን እሱ ዘንድ ተውሁት። ካሚዮኑ በቀዩ አቧራ መንገድ ወደ ሰሜን ሲነሣ ተራራው በግራዬ ነበር። አቶ ሀብቴ ከዚያ ወዲያ ማዶ ገብሱን ያጭድ ይሆናል እያልሁ ሄድሁ። ጎማ ፈንድቶብን መንገድ ላይ አደርን፤ ማክሰኞ አመሻሽ አዲስ አበባ ገባሁ።

ረቡዕ

በወጥ ቤቱ ግቢ ማርሻሎው፣ አስተርጓሚው፣ ሽማግሌው የወጥ ቤት አለቃና እኔ ቆምን። በርሜሉ ተከፈተ። የእውነተኛ ዓሣ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ሁሉም ከራሴ የጠፋ መሰለኝ። አንዱን አነሣሁ፤ ከባድና ቀዝቃዛ ነበር። ሆዱን ወደ ታች፣ ዐይኑን ወደ እኔ አድርጌ ያዝሁት። አፉ ወደ ግራ አመለከተ፣ ጭራም የለውም። ምላስ። እጄ ከዚያ በኋላ ራሱ ሄደ።

አምስት ቦታ ለይቼ ደረደርሁ። የባለ ወተቱ ክምር ሰባት ዓሣ ሆነ። በመጨረሻ አንዲት የቀረች ነበረች፤ ጠርዟ ተቦጫጭቆ፣ ጉንጯ ተልጦ፣ ብዳስሳትም ብዳስሳትም አልለይ አለችኝ። ለብቻዋ አስቀመጥኋት። ማርሻሎው ያቺስ ምንድን ናት ብሎ አስጠየቀኝ።

«አላውቃትም» አልሁ።

አስተርጓሚው ጐንበስ ብሎ አላውቅም አትበል፣ አንዱ ላይ ጣላት አለኝ። እንዳልሁት ንገርልኝ አልሁት። ነገረው። ማርሻሎው እስከዚያ ሰዓት ሰዓቱን ሲያይ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ቀና ብሎ እኔን አየኝ።

የወጥ ቤቱ አለቃ ከኪሱ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖረው። ምን እንደ ሆነ አልነገረኝም። ጣት የምታህል የዓሣ ጠርዝ ናት፤ ተጠብሳ ደርቃለች። ዐይኔን ጨፍኜ አውራ ጣቴን አስኬድሁባት። ቀዳዳ፣ ቀዳዳ፣ ቀዳዳ። ከእነዚህ ናት ብዬ ወደ ሰባቱ አመለከትሁ። ሽማግሌው በቋንቋቸው ሁለት ቃል ተናገረ፤ አስተርጓሚው ድምፁ ተለውጦ ሻምበሉ ከሳህኑ ያስተረፋት ናት አለኝ።

ማርሻሎው ከሰባቱ አንዱን አንሥቶ ጣቱን በጠርዙ አሽቶ ምላሱን ነካበት። ፊቱ ተኮሳተረ። ዘወር ብሎ ተፋ። በወጥ ቤቱ አለቃ ፊት መትፋቱ ሳያሳፍረው አልቀረም፤ ብዙ ቆይቶ ነው የዞረው። ከዚያ ወረቀት አስመጣና ጻፈ።

ጥላሁንን የፈቱት በሦስተኛው ቀን ነው። ሥራው አልተመለሰለትም፤ እሱም አልጠየቀም። ለሸምሱ ወሬውን በበርበሬ ነጋዴዎች ላክሁ። ባለ ቀዳዳውን ጨርቅ የዳሰሰ ዕለት ያህል ደስ ብሎት እንደ ሆነ አላውቅም፤ መልእክቱ መድረሱን ግን ሰምቻለሁ።

ከእስር ቤቱ በር ጥላሁንን ልቀበል የሄድሁት እኔ ነበርሁ። ከስቷል፤ ጢሙ አድጓል።  ስለ ዓሣውም፣ ውስጥ ስላየውም ምንም አላለኝም። ድልድዩን ከተሻገርን በኋላ መንገዱ እንዴት ነበር አለኝ። ከዱቄቱ ጆንያ ጀመርሁለት። ወይዘሮ ትርፌ በመጥረጊያ ሲያራግፉኝ ስደርስ ቆሞ ሳቀ። ስለ ጀፎረው ጠየቀኝ፤ እንሰት ስንት ዓመት እንደሚቆይ ጠየቀኝ፤ እኔም ሳልቸኩል አንድ በአንድ ነገርሁት። ቀስ ብለን ነበር የምንሄደው። ሰፈራችን ገብተን፣ አስካለ ሕፃኑን ታቅፋ ከበር ስትወጣ፣ እኔ በወሬዬ ገና እምድብር ነበርሁ።